የጠረጴዛው ጠርዝ

«ልጄ ሆዷን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የምትጫነው ለምንድን ነው?»

ጥያቄው የእኔ አልነበረም። በ2071 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሐይቅ ከተማ የምትኖር ደብሪቱ ጌጡ የተባለች እናት ላከችልኝ። ያኔ በሕፃናት ምግብ ስብጥር ጽሕፈት ቤት የኮምቦልቻ ቅርንጫፍ የሳህን አንባቢ ነበርኩ። ከልጆች ሳህን የሚመጣውን መዝገብ አነባለሁ፤ ግራ የሚያጋባ ነገር ሲገኝ ኮድ እሰጣለሁ። ለደብሪቱ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ኮድ ግን ነበረኝ፦ «ባህርይ 14፦ ሆድን በጠንካራ ነገር ላይ መጫን»። ኮዱን ሰጥቼ መልእክቱን ዘጋሁት። ኮድ መልስ አይደለም፤ መልእክት ለመዝጋት ግን ይበቃል።

የባህርይ ሰንጠረዡን ወደዚህ አገር ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ታርቱ በምትባል ቀዝቃዛ ከተማ ስምንት ዓመት ተምሬ ስመለስ ዘመድ ሁሉ ሻንጣዬን ከቦ ተቀመጠ። ሽቶና ጫማ ሲጠብቁ ስልሳ ሦስት ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ አወጣሁላቸው። እህቴ ረውዳ «ይሄን የሚለብሰው ማነው?» አለች። ጽሕፈት ቤቱ ግን ለበሰው። እርግጥ አሥራ አራተኛው ረድፍ እዚያ እያለሁም ይከነክነኝ ነበር። መምህሬን «ልጁ አሞት ቢሆንስ?» ብዬ ጠይቄው «ሕመም የራሱ ሰንጠረዥ አለው» አለኝ። መልሱ ደስ አላሰኘኝም፤ ሆኖም አንድ ዓርብ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ፈረምኩበት። ራበኝና ፈረምኩበት ብል ይሻላል።

የምኖረው ከረውዳ ጋር ብሎክ አርባ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል፤ በወር አንዴ ይመጣል። ልጃቸው ሲሃም ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ኦቲዝም አለባት። ብዙ አትናገርም፤ የሰማችውን ግን በሰማችው ድምፅ አስመስላ ትደግማለች።

ሲሃም ሦስት ነገር ትበላለች። የተላጠና ጨው ያልነካው ቅቅል ድንች፣ ወተት በአረንጓዴ ኩባያ፣ እንዲሁም ጥቅሉ ላይ ዶሮ ያለበት ብስኩት። ባለፈው ዓመት ፋብሪካው ወደ ቀኝ ያይ የነበረውን ዶሮ ወደ ግራ አዞረው። ሲሃም ሁለት ቀን ብስኩት አልቀመሰችም። እናቷ ከቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አሮጌ ጥቅሎች ለቅማ ዶሮዎቹን በመቀስ ቆርጣ በአዲሶቹ ላይ ለጠፈች። አሁን መሳቢያ ሙሉ ዶሮ አላት።

ሳህኑ ለእያንዳንዱ ልጅ በሁለት ዓመቱ ከክትባት ጋር ይሰጣል። ነጭ ነው፤ ሰባት ክፍል አለው። ከየክፍሉ ምን እንደተነሣና ምን ያህል እንደተነሣ ያውቃል፣ በደስተኛ የሴት ድምፅም ይናገራል። ቤታችን የሚነጋው እንዲህ ነው፦

«ጎበዝ ሲሃም! ድንች!»

ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ፦

«ጎመን ሲሃምን እየጠበቀ ነው።»

ጎመን ይጠብቃል። ምስር ይጠብቃል። እንቁላል፣ ካሮት፣ ፓፓያ፣ ሁሉም ይጠብቃሉ። ሲሃም ጆሮዋን ይዛ ከጠረጴዛው ትነሣለች፤ መዝገቡም «ሦስት ከሰባት» ይላል፤ ሰባቱ አንድ ልጅ ቢያንስ ሊበላው የሚገባ የምግብ ዓይነት ነው።

መዝገቡ ሰባት ያልሞላለት ልጅ ስድስት ዓመት ሲሆነው ትምህርት ቤት አይገባም። ደሴ ወዳለው ማላመጃ ቤት ይወሰዳል፤ ዘጠና ቀን ይቆያል። ወላጅ ዓርብ ዓርብ በመስታወት ያየዋል። ከማላመጃ ቤት የወጡ ልጆች ሁሉን ይበላሉ። ሌላ ምን እንደሚያደርጉ የሚናገር መዝገብ የለንም። ሲሃም መስከረም ላይ ስድስት ዓመት ይሞላት ነበር፤ የሚታየው መዝገብ የሚዘጋው ደግሞ ሰኔ ሠላሳ ነበር።

መጋቢት ላይ የስብጥር አማካሪዋ ወይዘሪት ቃልኪዳን ቤት ድረስ መጣች። ተቀመጠች፤ ሰሌዳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«ጎመን በቀን ስንት ጊዜ ታቀርቢላታለሽ?»

«ሁለቴ» አለች ረውዳ።

«በፈገግታ?»

ረውዳ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ፈገግታ ወሳኝ ነው» አለች አማካሪዋ፤ ጻፈችው።

«እህቴ፣ ልጅቱ አምስት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት አልተቀመጠችም። ስትሞክርም ታለቅሳለች።»

«እሱ የእኔ ዘርፍ አይደለም፤ እኔ የሚገባውን ነው የማየው።»

«የሚወጣውንስ ማን ያያል?»

ወይዘሪት ቃልኪዳን ከልቧ አሰበች። «እንጃ፤ ዘርፍ ያለው አይመስለኝም» አለች። ስትወጣም ለሲሃም የፈገግታ ምስል ያለበት ተለጣፊ ሰጠቻት። ሲሃም አሸተተችውና ዶሮዎቹ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በሳምንቱ እትዬ ዘሙ መጡ። እትዬ ዘሙ ፊት ለፊታችን ያለው በር ባለቤት ናቸው፤ ከጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሥራ ቦታቸው የእኛ ቤት ሆኗል። ሲሃምን ሳህኗ ፊት ብቻዋን ተቀምጣ ሲያዩ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድነው ይሄ? ልጅ ለብቻዋ ተቆርሶላት ትበላለች?»

«የመንግሥት ሳህን ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«የመንግሥትም ቢሆን ነውር ነው። ጠጋ በይ ልጄ። ቢስሚላህ!» አሉና ከሳህኑ እንጀራ ቆርሰው ጎመኑን ጠቅልለው ጎረሱ።

«ጎበዝ ሲሃም! እንጀራ! ጎበዝ ሲሃም! ጎመን!» አለ ሳህኑ።

እትዬ ዘሙ አፋቸው እንደሞላ ዙሪያቸውን ቃኙ። «ማነው ሲሃም የሚለኝ?»

የረውዳን ሳቅ ለወራት ሰምቼው አላውቅም ነበር። መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ የሆነው ወዲያው ገብቶኝ ነበር። ሳህኑ የተሠራበት አገር ሰው ከሌላ ሰው ሳህን አይበላም። ሳህኑ የተነሣውን እንጂ ያነሣውን እጅ አያውቅም። ለአገራችን ይስማማ እንደሆነ የሞከርኩትም እኔ ነኝ፤ ታርቱ ውስጥ፣ ክፍሌ ውስጥ፣ ብቻዬን እየበላሁ። ያንን ሙከራ በሪፖርቴ ላይ «የባህል ማጣጣሚያ» ብዬዋለሁ።

ጉድለቱን በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ግዴታዬ ነበር። ያሳወቅኩት ግን ለጋሽ ይማም ነው።

ጋሽ ይማም አሥረኛ ፎቅ የሚኖሩ የቀድሞ የባቡር ሹፌር ናቸው። ምስርና እንቁላል እሳቸው ወሰዱ፤ ጎመንና ካሮት እትዬ ዘሙ፤ ፓፓያውን እኔ። ጠዋትና ማታ ሰው ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ ሲሃምን ከቦ ይቀመጣል። እሷ ድንቿን ትበላለች፤ እኛ ስሟን እንበላለን። ጋሽ ይማም በሩን ሲከፍቱ ሁልጊዜ «ዛሬ ሲሃምን ምን አሰኛት?» ይላሉ። አንድ ቀን ረውዳ የሥጋ ወጥ ጨመረችበት።

«ለእርስዎ ሐኪም ሥጋ ከልክሎ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ለይማም ነው የከለከለው» አሉ እየጎረሱ። «ለሲሃም ማን ከለከላት?»

«ጎበዝ ሲሃም! ሥጋ!»

በግንቦት መጨረሻ ሲሃም ከሚፈለገውም አልፋ ዘጠኝ ከሰባት ሆነች። ጽሕፈት ቤቱ የወሩ ምሳሌ ሕፃን አድርጎ መረጣት። መናኸሪያው ላይ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ፎቶዋ ወጣ፤ ከሥሩ «ሲሃም ሁሉን ትበላለች። የእርስዎስ ልጅ?» ይላል። ረውዳ በዚያ በኩል ማለፍ ተወች።

ሲሃም ግን እየባሰባት ሄደ። የእጅ አንጓዋን ትነክሳለች። ቁጭ ብላ ድንገት ትጮሃለች፤ እንቅልፍ አጣች። ድንቹንም እየቀነሰች መጣች። ሁልጊዜም ወደ ጠረጴዛው ትሄድና ሆዷን ጠርዙ ላይ ጭና፣ እግሯን ከመሬት አንሥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በሳህኑ የደስታ ድምፅ «ጎበዝ ሲሃም፣ ጎበዝ ሲሃም፣ ጎበዝ ሲሃም» ትላለች።

መጀመሪያ ያየኋት ጊዜ በአእምሮዬ የመጣው ቃል «አሥራ አራት» ነበር። የእህቴን ልጅ ሳይሆን ቁጥሩን ነው ያየሁት። ከዚያ ደግሞ የሐይቋ እናት ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ሽንት ቤት ሳትቀመጥ በቆየች በዘጠነኛው ቀን እትዬ ዘሙ ሲሃምን ደረታቸው ላይ አስደግፈው መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ። ልጅቱ አልጮኸችም። የሴትዮዋ ፊት ግን ተለወጠ።

«ረውዳ፣ ሆዷ ድንጋይ ሆኗል። ይቺ ልጅ ሆድ ድርቀት ይዟታል። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።»

ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ተረኛው ዶክተር ኢዘዲን የሚባል ወጣት ነው፤ ፊቱ በጎ ነው፣ ዓይኑ ግን ከኮምፒውተሩ ማያ ላይ አይነሣም።

«ማሻላህ!» አለ። «ጎመን በቀን ሁለቴ፣ ምስር፣ ፓፓያ። እኔ ራሴ እንዲህ አልበላም። እንዲህ የምትበላ ልጅ ድርቀት አይይዛትም።»

«ዘጠኝ ቀኗ ነው» አለች ረውዳ።

«መዝገቡ ‹ድርቀት የለም› ይላል። ጠረጴዛ ላይ የምትጫነውም ተመዝግቧል፤ ባህርይ አሥራ አራት። ለባህርይ መድኃኒት አላዝም።»

«ሆዷን ዳሰው።»

«አይቻልም፣ እናቴ።»

«ለምን? እጅ የለህም?»

«እጅማ አለኝ» አለ ዶክተሩ፤ ዝቅ አድርጎ እጆቹን አያቸው። «እጅ ያገኘውን የማስገባበት ኮድ ነው የሌለኝ። ኮድ የሌለው ነገር ላይ መድኃኒት ሳዝዝ መድኃኒት ቤቱ አይሰጥም።»

ሲሃም በዚህ መሃል የምርመራ ጠረጴዛውን ጠርዝ አግኝታ ነበር። «ጎበዝ ሲሃም» አለች።

ወደ ቤት ተመለስን። በር ከፍተን እንደገባን ረውዳ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«አንዋር፣ እኛ የበላነውን ነው እኮ እሷ በላች ያሉት።»

«አዎ።»

«እውነቱን ብንናገር መድኃኒት ይሰጧታል?»

«ይሰጧታል። መዝገቡ ሦስት ከሰባት ይሆናል፤ ድንችና ወተት ብቻ ለሚበላ ልጅ ድርቀት ኮድ አለው። ግን ሰኔ ሠላሳ ላይ ደግሞ...»

«አውቃለሁ ሰኔ ሠላሳን።» መሳቢያውን ከፈተች፤ ዶሮዎቹን አየች፤ ዘጋችው። «ደሴ እነዚህን የሚለጥፍላት የለም። አንድ ቀን እንኳ የሚለጥፍላት የለም። ንገራቸው። ዘጠና ቀን እኔ ልቃጠል፤ እሷ እንዲህ አትሁን።»

በማግሥቱ የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ ልዑልሰገድ ቢሮ ገባሁ። ሁሉን ተናገርኩ። ጎመኑን የበላው ማን እንደሆነ፣ ሥጋውን የበላው ማን እንደሆነ፣ ሙከራውን እንዴት እንዳደረግኩ፣ ዝም ብዬ ፓፓያ እንደበላሁ። አቶ ልዑልሰገድ አልተቆጡም፤ ይልቁንም አዘኑልኝ።

«ተቀመጥ፣ አንዋር። ደክሞሃል። ውጭ ብዙ የቆየ ሰው ሲመለስ እንዲህ ያደርገዋል፤ ሁሉን ይጠራጠራል።»

«ጌታዬ፣ በእጄ ነው የበላሁት።»

«የሲሃም ሳህን ምሳሌ ሆና ስትመረጥ ተፈትሿል። ጤነኛ ነው። መናኸሪያ ላይ የተሰቀለች ልጅ ሦስት ከሰባት ናት ልል ነው? ለማን?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የምሥራች እንደሚነግር ሰው ጠጋ አሉ። «ደግሞ የእህትህ ልጅ ትልቅ ጥቅም ሰጥታናለች። አንዳንድ ወላጆች ‹ባህርይ 14 ሕመም ሊሆን ይችላል› እያሉ ሲያስቸግሩን ነበር። አሁን ማስረጃ አለን። ሁሉን ትበላለች፣ ሆዷ ደህና ነው፣ እንዲያም ሆኖ ትጫናለች። ስለዚህ ባህርይ ነው። ለዋናው መሥሪያ ቤት ልከነዋል።»

ስንዋሽ ያመነን ሰው እውነት ስንናገር አላመነንም። ከዚያ የከፋው ግን ውሸታችን የሌሎቹን ልጆች አፍ መዝጊያ መሆኑ ነው። ከቢሮው ስወጣ አቶ ልዑልሰገድ አሥር ቀን ዕረፍት ፈቀዱልኝ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ በራችን ተንኳኳ። ዶክተር ኢዘዲን ነው። ሊፍቱ ስለማይሠራ አሥራ አንድ ፎቅ ወጥቶ መተንፈስ አቅቶታል።

«ዛሬ ተረኛ አይደለሁም» አለ። «ማያም አልያዝኩም።»

እጁን ታጠበ። እንዳይቀዘቅዛት ረጅም ጊዜ አሻሸው። እትዬ ዘሙ ሲሃምን እንደዚያ ቀን ደረታቸው ላይ አስደገፏት፤ ዶክተሩ ተንበርክኮ ሆዷን ዳሰሰ። መጀመሪያ ፈራ። ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ አስተምረውት እንደነበር በኋላ ነገረን፤ በላስቲክ አሻንጉሊት ላይ።

«እውነትሽን ነው፣ እናቴ» አለ ወደ ረውዳ ቀና ብሎ። «እስከዚህ ድረስ ሞልቷል። ይሄን ሁሉ ቀን ስትታመም ነው የከረመችው።»

ረውዳ የሲሃምን ልብስ ወደ ታች ሳበች።

«ለእሷ ባዝዝ መድኃኒት ቤቱ አይሰጥም። አዋቂ ሰው ሳህን የለውም...» ብሎ ወደ እኔ አየ።

መድኃኒቱ በእኔ ስም ወጣ። አንዋር፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ ከባድ ድርቀት። መጠኑን ግን ዶክተሩ በሲሃም ክብደት ለክቶ ለብቻው በወረቀት ጽፎልናል። ሻጯ ልጅ ዱቄቱን ስትሰጠኝ በአዘኔታ አየችኝ። «ጎመን ብላ፣ ወንድሜ። መናኸሪያ ላይ ያለችውን ሕፃን አታያትም?»

ቤት እንደገባሁ «ወተቱ ውስጥ ደብቀን እንስጣት» አልኩ።

«አላታልላትም» አለች ረውዳ። «ወተቱንም መጠራጠር ከጀመረች ምን ይቀራታል?»

ስለዚህ ረውዳ ልጅቱ እያየቻት ዱቄቱን በማንኪያ ለክታ አረንጓዴው ኩባያ ውስጥ ጨመረች፤ ሦስት ጊዜ አማሰለች፤ አስቀመጠችው። ሲሃም ኩባያውን ገፋችው። ረውዳ አልለመነቻትም፤ ፈገግም አላለችም። ማታ ደገመችው፦ አንድ ማንኪያ፣ ሦስት ማማሰል፣ ማስቀመጥ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሲሃም ራሷ ማንኪያውን ይዛ ሦስት ጊዜ አማሰለችና ጠጣችው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ዶክተሩ ማታ ማታ እየመጣ መጠኑን አስተካከለ። መጠጣት በጀመረች በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከሽንት ቤት የረውዳ ጩኸት ተሰማ። በድንጋጤ ሮጥኩ። እትዬ ዘሙ ቀደሙኝ። በሩን ከፍተው አዩ፤ ወዲያው ወደ ደረጃው ወጥተው እልልታቸውን ለቀቁት።

ከታች የጋሽ ይማም ድምፅ መጣ። «ምን ተገኘ? ሠርግ ነው?»

«ሲሃም ተገላገለች!»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጋሽ ይማም፤ ሌሎች በሮችም ተከፈቱ። በዚያ ቀን ብሎክ አርባ ውስጥ የሆነውን የሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት የለም፤ ለዘርፉ ባለሙያ አልተመደበም።

በማግሥቱ ጠዋት ሲሃም ጠረጴዛው ጋ መጣች። ወንበሯ ላይ ወጣች፤ መሃል ላይ ተቀመጠች። በሆዷና በጠርዙ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ነበር። ያንን ባዶ ቦታ ድንቿን በልታ እስክትጨርስ ድረስ አየሁት። እትዬ ዘሙ ገብተው ጎመኑን ጎረሱ። ከማላመጃ ቤት ያዳናት የእሳቸው አፍ ነው።

«ጎበዝ ሲሃም! ጎመን!» አለ ሳህኑ።

ዕረፍቴ ሲያልቅ ወደ ቢሮ ተመልሼ በዓመቱ ውስጥ ባህርይ 14 ያልኳቸውን ቆጠርኩ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ናቸው። ሁሉንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስለ ሁሉም ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ፤ የሲሃም መዝገብ ተያይዞ «ማስረጃውን ይመልከቱ» የሚል መልስ በሁለት ደቂቃ መጣልኝ። ከዚያ በኋላ ለቤተሰቦቹ አንድ በአንድ ለመጻፍ ወሰንኩ። መጀመሪያ የደብሪቱ ጌጡን መልእክት ከተዘጉት ውስጥ ፈልጌ አወጣሁ።

ከመጻፌ በፊት የልጅቷን መዝገብ ከፈትኩ። ሦስት ከሰባት፣ ሦስት ከሰባት፣ ሁለት ከሰባት። ከየካቲት አሥራ ሰባት ጀምሮ ከሳህኑ ላይ ምንም አልተነሣም። ማላመጃ ቤት ገብታ ይሆናል፤ እዚያ የራሳቸው ሳህን ይኖራቸው ይሆናል። ወይም አድራሻ ቀይረው ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ብዙ ጊዜ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ጻፍኩላት፦

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ በጥቅምት ወር ልጅዎ ሆዷን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የምትጫነው ለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። ስላመማት ነው። እባክዎ በእጁ የሚዳስሳት ሐኪም ይፈልጉላት፤ ካጡ እኔ ጋ አለ። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ልጅዎ እንዴት ናት? አንዋር።»

ሰኔ ሃያ ስድስት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ላክሁት። «ደርሷል» የሚል ምልክት ወጣበት። ዛሬ ኅዳር ሦስት ነው፤ መልስ አልመጣም።